የእናታችን አገር ጎርጎራ፤ ለ9 ሰው፣ ለ2 ሌሊት፣ ያለ ግርግር

የማራኪ ልጅ፦
ጤና ይስጥልን። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ልንወርድ አስበናል። 9 ነን፤ እናታችን (74 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል)፣ አምስት ጎልማሶች፣ ሦስት ልጆች፤ 12፣ 7 እና 3 ዓመት። የእናታችን አባት የደምቢያ ሰው ነበሩ። ስማቸውንና የተቀበሩበትን ደብር እናውቃለን፤ ጎጡን ግን አናውቅም። ሐሳባችን ሁለት ነው፤ ጣና ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን ማረፍ፣ ዘመድ ከተገኘም መሳም። መቼ ብንሄድ ይሻላል? በምን? የት እንደር? ልጆቹ ቢዋኙስ? ዘመድ ፍለጋውን ከየት እንጀምር? «ሂዱ፣ ደስ ይላል» የሚለውን ብዙ ሰምተናል፤ ዝርዝሩን የምታውቁ ንገሩን።

የአዘዞ ሾፌር፦
ከመንገዱ ልጀምር። ከጎንደር አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የባሕር ዳሩንም የመተማውንም ጎዳና ትታችሁ ወደ ቆላድባ ትታጠፋላችሁ። ቆላድባ ከጎንደር 35 ገደማ፣ ጎርጎራ በድምሩ ከ60 በላይ ነው። ስልካችሁ የሚነግራችሁን ሰዓት ተዉት፤ ሁለት ሰዓት ያዙ። ልጅ ሽንቴ መጣ ይላል፣ ከብት መንገድ ይዘጋል፣ ቆላድባ ላይ ደግሞ ቡና ሳይጠጣ የሚያልፍ የለም።

ለ9 ሰውና ለዕቃችሁ 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። እናታችሁን ኋላ ወንበር እንዳታስቀምጡ፤ የኋላው ወንበር ጎማው ላይ ስለሆነ እያንዳንዱን ጉድጓድ ወገብና ጉልበት ላይ ያወርደዋል። ጋቢና ይሻላቸዋል። ግን የጋቢናው መወጣጫ ከፍ ይላል፤ ትንሽ በርጩማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሦስቱንም ቀን ትጠቅማችኋለች።

ኮንትራቱን ስትነጋገሩ ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ አትጨርሱ። ሾፌሩ አብሯችሁ ያድራል ወይስ አድርሷችሁ ይመለሳል? ነዳጁ የማን ነው? መኝታና ምግቡስ? ከጎርጎራ ወደ ጎጥ መውጣት ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ነው? ጠብ የሚነሳው በዚህ በመጨረሻው ነው። ሾፌሩ «ጎርጎራ ድረስ» ብሎ ተስማምቷል፣ እናንተ ደግሞ ዘመድ ቤት ድረስ ውሰደን ትላላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ስኮርታና ክሪክ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ። ነዳጅ ጎንደር ላይ ይሞላ።

መነሻ ከጧቱ 12፡30፤ ስትመለሱ ከ10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትሁኑ። መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው ማታ አንድ ጊዜ፣ ጧት ደግሞ አንድ ጊዜ አዘዞ ላይ ከዚያ መስመር ሾፌሮች ጠይቁ። የማታው መልስ ለጧት አይሠራም።

ደምብዬው፦
መቼ ለሚለው፦ ከጥምቀት በኋላ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት። ከጥር 13 ጀምሮ ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው። ምክንያቱን ልዘርዝር።

ክረምት አይሆንም። የደምቢያ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጭቃው ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ዋናውን መንገድ ብታልፉም ወደ ጎጥ የሚገባውን አትችሉትም። መስከረምና ጥቅምት ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፤ ግን የወባ ወቅት ነው፣ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩም በሰሜኑ ዳርቻ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው፤ ዘመድ ቤት ሄዳችሁ በግ ሊታረድላችሁ ሲገባ ሽሮ አቅርበው ያፍራሉ፣ እናንተም ታሳፍራላችሁ። የጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች፣ መኪናም አልጋም ይወደዳል። ጥር 13 ሁሉም ሲመለስ እናንተ ውረዱ። የነነዌን ሦስት ቀን ብቻ (ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ) ቀን መቁጠሪያ ላይ አይታችሁ ዝለሏት።

ሌላው ጥቅም እሸት ሽምብራ ነው። በጥር በመንገድ ዳር ከነአገዳው በእቅፍ ይሸጣል፤ ለልጆች ከብስኩት ይበልጣል።

ቀኑን ዓርብ ጧት ገብታችሁ እሁድ ከሰዓት የምትወጡበት አድርጉት። ዓርብ ጾም ስለሆነ የዕረፍት ቀን ይሁን። ቅዳሜ ጧት ባሕር፣ ከሰዓት መኝታ። እሁድ አያታችሁ የተቀበሩበት ደብር ሂዱና አስቀድሱ።

የመሪጌታ ልጅ፦
@ደምብዬው በወቅቱ እስማማለሁ። ዘመድ ፍለጋን የመጨረሻ ቀን ማድረጉን ግን አልወደድኩትም። እሁድ በ5 ሰዓት የተገኘ ዘመድ በ8 ሰዓት አይለቅም። «ሳታድሩ?» ብሎ መንገድ ላይ ይቆማል። እናትየዋም ለማደር ልባቸው ይከጅላል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ እነሱ እያለቀሱ ይሆናል ስንብቱ።

ደምብዬው፦
@የመሪጌታ ልጅ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የማየው። ዓርብ ዘመድ ካገኛችሁ የቀረው ሁለት ቀን የእናንተ አይደለም። ከቤት ቤት ስትዞሩ፣ በየቤቱ ስትበሉ ያልቃል፤ ባሕሩን የምታዩት በመስኮት ነው። እሁድ ቢሆን ግን «ሾፌሩ ሊሄድ ነው» የሚል ማምለጫ አለ።

የመሪጌታ ልጅ፦
እሺ፣ መሐል መንገድ አለው፤ አስቀድሞ ሰው መላክ። ከጎልማሶቹ አንድ ወይም ሁለቱ ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በእሁድ ቀን ለብቻቸው ደርሰው ይመለሱ። ፍለጋው በዚያ ቀን ያልቃል፤ ዋናው ጉዞ ላይ መሳም ብቻ ይቀራል። ሰዓቱንም ያን ጊዜ ትቆርጣላችሁ፦ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን፣ በ8 ሰዓት እንነሳለን»።

አሁን ፍለጋው እንዴት እንደሚሠራ።

በጎጥ አትጀምሩ፣ በደብሩ ጀምሩ። የደብሩን ስም ማወቃችሁ ትልቁን ሥራ አቅልሎታል። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሽማግሌዎች ለሰንበቴ ደጀ ሰላም ይሰበሰባሉ። በሥራ ቀን አሥር ቤት ዞራችሁ የማታገኙትን እዚያ በአንድ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን ሰላም በሉና ስለ ምን እንደመጣችሁ ንገሯቸው፤ ወደ ሽማግሌዎቹ እሳቸው ይውሰዷችሁ። በራሳችሁ ዘላችሁ ከገባችሁ ጥያቄያችሁ የመንግሥት ቆጠራ ይመስላል።

የምትይዙት መረጃ ይህ ይሁን፦ የአያታችሁ ስም ከአባትና ከአያት ጋር፣ የሚስታቸው ስምና እሷ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የወንድምና የእህት ስም፣ ከአገር የወጡበት ዘመን (በጣሊያን ጊዜ? በደርግ?)፣ ማዕረግ ካላቸው ማዕረጋቸው፣ ቅጽል ካላቸው ቅጽላቸው። ዓመት ጠይቃችሁ ዓመት አታገኙም፤ በዘመን ጠይቁ። የሴቶቹን ወገን አትናቁ። በጎንደር ርስት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም ነበር፤ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ተቆጥሮ የማይደርስ ድርሻ አያገኝም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በእናት በኩል ያለውን ሐረግም በደንብ ይዘውታል። ከዚያ ሌላ ደግሞ ጋብቻ አለ፤ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የሚጋባው። አንድ ስም በአንድ በኩል ጠፍቶ በሌላ በኩል ብቅ ይላል።

የተለመደው መሰናክል ስም ነው። ሰው የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው። ፍትሐቱም ጸሎቱም የሚጠራው በክርስትና ስም ነው፤ ወልደ እገሌ፣ ወለተ እገሌ። እናታችሁ የአባታቸውን የክርስትና ስም ካወቁ ጻፉት። ለነፍሳቸው ጸሎት ስታስደርጉም ካህኑ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። መቃብሩን ራሱን ላታገኙት ትችላላችሁ፤ የድሮ መቃብር ክምር ድንጋይ እንጂ ጽሑፍ የለውም። «በዚህ ወገን ነው» ከተባላችሁ ይበቃል፤ ድንጋይ አታገላብጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ አስቡበት። ከከተማ የመጣ ዘመድ ዘር ሲቆጥር የገጠሩ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መሬትን ነው። ርስት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ዛሬ ባለይዞታው አረንጓዴ ደብተር አለው። ሥጋቱ ግን አልቀረም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ራሳችሁ አውጡት፦ «እኛ ዘመድ ልናይ፣ እናታችን የአባቷን አገር ልትሳለም ነው እንጂ የምንጠይቀው የለም»። የማሳ ወሰን አትጠይቁ። «ይኼ የአያቴ መሬት ነበር?» አትበሉ፣ በቀልድም ቢሆን። ሽማግሌ ሲናገር በስልክ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ማስታወሻ ደብተር ስታወጡም እንደዚያው።

የማራኪ ልጅ፦
ይኼ የመሬቱ ነገር በፍጹም አልመጣልንም ነበር። ሰው አስቀድመን እንልካለን። ስጦታስ ምን ይሁን?

የመሪጌታ ልጅ፦
ለአንድ ቤት 5 ኪሎ ስኳር፣ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ጥቂት የልብስ ሳሙና፤ ለታላቁ ሽማግሌ ጋቢ ወይም ነጠላ። ስንት ቤት እንደሆነ የተላከው ሰው ቆጥሮ ይምጣ፤ ለአንዱ ሰጥቶ ለጎረቤት ወንድሙ መንሳት የዓመት ቅያሜ ነው። ለደብሩ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ። በጉን እናንተ ግዙት፣ ከቆላድባ ገበያ። ለእነሱ ከተተወ ያለቻቸውን አንዷን ያርዳሉ። ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነ ለቤቱ እመቤት በጇ ስጡ፣ ሰው ፊት አይሁን።

ነርሷ፦
የመዋኘቱን ጥያቄ ሁሉም ዘሎታል። መልሱ አጭር ነው፤ አይዋኙ። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ጎርጎራም ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው።

ትሉ የሚኖረው በዳርቻው ሣርና ቄጠማ ላይ በሚለጠፍ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃው ውስጥ ይዋኛል፤ ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሳያም ይገባል። ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትከር፣ ከቀኑ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጆች መንቦራጨቅ የሚወዱትም ያን ጊዜ፣ ጥልቀት የሌለው ሣራማ ዳር ላይ ነው። ትልቁ አደጋ እንግዲህ «እግሩን ብቻ ይንከር» የምትሉት ሕፃን ላይ ነው። ከውኃ እንደወጡ በፎጣ ማሸት ይረዳል ይባላል፤ በዚያ አትተማመኑ።

ለመታጠቢያ የሐይቅ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ ወይ 50 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ ይሙቅ (እጅ የማያስገባ ሙቀት ነው)፣ ወይ በንጹሕ በርሜል ቢያንስ 48 ሰዓት ይቆይ፤ ትሉ ሰውነት ካላገኘ ይሞታል። የሚጠጣው ግን ይፈላ ወይም የታሸገ ይሁን። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር አስቡ፤ ጎርጎራ ከጎንደር በ300 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ይሞቃል።

ያገሬው ሰው፦
@ነርሷ የጎርጎራ ልጅ ሁሉ እዚያው ሲንቦጫረቅ ነው ያደገው። ማንም አልሞተም፤ አታስፈራሩ።

ነርሷ፦
@ያገሬው ሰው በሽታው በአንድ ቀን አይገድልም፤ ችግሩም እሱ ነው። ለዓመታት ዝም ብሎ አንጀትና ጉበት ይጎዳል። ሆዱ የሚያመው፣ ሰገራው ደም የሚቀላቅለው፣ ትምህርት ላይ የሚደክመው ልጅ «ሆዴን» ይላል እንጂ ቢልሃርዚያ አይልም።

አንዱ ልጅ አምልጦ ከገባ አትደናገጡ። በማግሥቱ መድኃኒት ለመዋጥም አትሩጡ። ፕራዚኳንቴል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ገና የገባውን በደንብ አይነካውም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቃችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ይመርመር። በመሐሉ ትኩሳት፣ ሳልና የቆዳ ሽፍታ ከመጣ ሳትጠብቁ ሂዱ፤ «ጣና ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር» ብላችሁ ተናገሩ። ካልነገራችሁ ማንም አይጠረጥረውም።

ወባው ላይ፦ ጥር ከመስከረም ይሻላል፤ የለም ማለት ግን አይደለም። የእኛ አገር የወባ ትንኝ ማታ ገና በጊዜ፣ ሰው ሳይተኛ መንከስ ትጀምራለች። አጎበር ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ልጆች ረጅም እጅጌና ካልሲ ያድርጉ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ጀምበር ማየት ደስ ይላል፤ ለብሳችሁ እዩ። አጎበር የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሚስማር ከሌለ የሚታሰርበት 10 ሜትር ሲባጎ ጨምሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ከሳምንት እስከ ወራት ባለው ጊዜ ማንኛውም ሰው ቢያተኩሰው ደም ይመርመር። ጎንደር ከተማ ላይ ብርድ ነው ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አብሯችሁ ካለ በተለይ አስጠንቅቁት፤ የእሱ ሐኪም ወባን ቶሎ አያስብም።

ታንኳ፦
ልጆቹ ባሕሩን በጀልባ ይዩት። ሰዓቱ ከጧቱ 12፡30 እስከ 4 ሰዓት ነው። ጧት ውኃው እንደ ዘይት ነው፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፣ ስፋቱ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ ጀልባ የሚያናውጠው እንዲህ ያለው ነው። «ከምሳ በኋላ እንሄዳለን» አትበሉ።

ዘጠኛችሁ በአንድ ትንሽ ጀልባ አትግቡ። እናታችሁና ሕፃኑ ዳር ቢቀሩ አይጎዱም፤ ለእነሱ ዳሩ ራሱ በቂ ነው። ለሚሄዱት በቁጥር ልክ የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዳለ ገንዘብ ሳትከፍሉ እዩ። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆንም። መለኪያው ቀላል ነው፤ አልብሱትና ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ ጆሮው ላይ ከደረሰ ውኃ ውስጥም ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። የሚሆነው ከሌለ ልጁ አይሂድ።

ሞተር ሲነሳ ከጀርባው ቀጭን ውኃ መፍሰስ አለበት፤ ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው ማለት ነው። እምቦጭ መሳቢያውን ሲደፍነው ያ ውኃ ይቆማል፣ ሞተሩም ይግላል። እምቦጩ በጣና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነበር፤ ያ በእኛው በኩል ያለው ዳርቻ ነው። ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላስ ላይ ከተጠመጠመ ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወደ ላይ አንስቶ ማጽዳት አለበት። ሞተሩ እየሠራ በእጁ ሊጎትት ካያችሁት አስቁሙት። መቅዘፊያ መኖሩንም እዩ፤ ሞተር ያለ መቅዘፊያ ግማሽ ጀልባ ነው።

ዋጋ ስትነጋገሩ «ደርሶ መልስ፣ ነዳጅ ከነመጠበቂያው» በሉ። መጠበቂያው ካልተነሳ እዚያ ስትደርሱ አዲስ ሂሳብ ይወለዳል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ሴት አይገባም። ሴቶቹ ጀልባ ውስጥ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዳይቀሩ መድረሻውን ከመነሳታችሁ በፊት ተመካከሩ። ወደ ምሽት ደግሞ ከቄጠማው ራቁ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በእሱና በውኃው መካከል መቆም አይገባም።

የማራኪ ልጅ፦
በደንገል ታንኳ ልጆቹን ትንሽ ማስቀዘፍስ?

ታንኳ፦
ዳር ላይ አስቁማችሁ ፎቶ አንሷቸው። ታንኳ ለለመደ ሰው ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ የቆየ ታንኳ ከፍታው ከውኃው ጋር እኩል ነው። ቂጣችሁ መርጠቡ አይቀርም፤ ቢልሃርዚያውን ደግሞ ነርሷ ነግራችኋለች።

ከርቀት፦
ማደሪያ አልተነሳም። በገበታ ለሀገር የተሠራውና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ኢኮ ሪዞርት አለ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ደምብዬው፦
@ከርቀት ለ9 ሰው ሁለት ሌሊት ኪሱ የሚፈቅድለት ይደር። ካልሆነም ከተማው ውስጥ ቀለል ያለ አልጋ አለ። አንዱ መንገድ እናትየዋንና ሕፃኑን የያዙት ሪዞርቱ፣ የቀሩት ከተማው ውስጥ ማደር ነው። ግን ቤተሰብ ለሁለት ሲከፈል ጠዋት ጠዋት መሰባሰቡ ራሱ አንድ ሰዓት ይበላል፤ እኔ ሁላችሁም አንድ ቦታ ብትሆኑ እላለሁ። ስትደውሉ የምትጠይቁት፦ ከመኝታ ክፍሉ እስከ ምግብ ቤቱ ስንት ደረጃ አለ? ሽንት ቤቱ መቀመጫ ነው ወይስ የቁጢጥ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ለታመመ ጉልበት የቁጢጡ ሽንት ቤት ከመንገዱ ሁሉ ይብሳል። ዘመድ ቤት ማደርን አልመክርም፤ አልጋቸውን ለእናንተ ለቀው መሬት ይተኛሉ።

ጓዳ፦
ምግብ ላይ እኔ ልጨምር። አሳ በልታችሁ ካልተመለሳችሁ ጎርጎራ ሄድን አትበሉ። ቀረሶ ለልጆች ይሻላል፣ አጥንቱ በቀላሉ ይለያል። አምባዛ ስቡ ስለሚበዛ ለወጥና ለጉላሽ ነው። ነጭ አሳ ይጣፍጣል፤ ግን ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን እሾህ አለው፣ ለ3 ዓመት ልጅ አይሰጥም።

ስትገዙ ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፤ ቀይ ይሁን፣ ቡኒ ከሆነ አድሯል። ዓይኑ የጎደጎደም እንደዚያው። ጧት ከ2 ሰዓት በፊት ዳር ላይ ከሚመጣው ግዙ። 3 ኪሎ ሙሉ ቀረሶ ቢገዛ ተገፍፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ የሚቀረው ሥጋ 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለ9 ሰው ለአንድ ማዕድ 6 ወይም 7 ኪሎ ሙሉ አሳ ያስፈልጋል። ሙሉውን ስታስጠብሱ ጎንና ጎኑን ሦስት ሦስት ጊዜ እስከ አጥንቱ ይበጣ። ሳይበጣ ከተጠበሰ ውጪው ሲያር መሐሉ ጥሬ ይቀራል።

ዓርብ የምትደርሱ ከሆነ እናታችሁን ጠይቁ። አሳን በጾም የሚበላ አለ፣ የጎንደር ትልልቅ ሰዎች ግን ብዙዎቹ አይነኩትም። እሳቸው ፊት ማዘዝ ደስ አይልም፤ ሽሮና ጎመን አስጠብቁላቸው።

የፒያሳ ሰው፦
ለልጆቹ ታሪኩንም ንገሯቸው እንጂ። ጎርጎራ አፄ ፋሲል የቆረቆሯት ከተማ ናት።

የመሪጌታ ልጅ፦
@የፒያሳ ሰው አይደለም፤ ይስተካከል። ጎርጎራ ላይ ከተማ አድርገው የነበሩት አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት። በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ወደ ላይ ወጥተው ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ጎርጎራ የጎንደር ታላቅ እህት ናት ማለት ይቻላል።

የሚታየው ሁለት ነው። አንደኛው ደብረ ሲና ማርያም፤ ክብ ነው፣ ክዳኑ ሣር፤ የመቅደሱ ግድግዳ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል የተሸፈነ ነው። ሴትም ወንድም ይገባል። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ፍላሽ አይበራም፤ ብርሃኑ ቀለሙን ስለሚጎዳ ነው። እሁድ ቅዳሴ ሳያልቅ ሥዕል እንይ ማለት አይገባም፤ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱ። ለእናታችሁ በርጩማዋን ያዙ፣ ውስጥ መቀመጫ የለም።

ሁለተኛው ማርያም ግምብ፤ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) በኖራና በጥርብ ድንጋይ ያሠሩት፣ አሁን የፈረሰ። ከከተማው ወደ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ውስጥ በገባ ምላስ መሬት ላይ ነው። ፍርስራሹ ላይ ልጅ እንዳይወጣ፤ ኖራው ለቅቋል። እናታችሁ እዚያ መሄድ የለባቸውም፤ የ12 ዓመቱ ይሂድ። ዓባይ ከሚነሳበት ግሽ ዓባይ በ1618 የደረሰው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ የሞተውም ጎርጎራ ነው፤ ለልጅ የሚነገር ታሪክ ከፈለጋችሁ እሱ ይበቃል።

በመንገዳችሁ አዘዞ ተክለ ሃይማኖትንም አስተውሉ፤ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩበት ቦታ ነው። ግን አትውረዱ፤ በዚህ ቁም በዚያ ቁም ካላችሁ ጎርጎራ ለምሳ አትደርሱም።

የማራኪ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፤ ለሁላችሁም እግዜር ይስጥልን። ያሰብነው ይኸው፦ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሰው በእሁድ ደርሶ መልስ። ከዚያ ዓርብ 12፡30 መነሻ፣ ከሰዓት ዕረፍት፤ ቅዳሜ ጧት አምስት ሰው በጀልባ፣ አራቱ ዳር፣ ከሰዓት ደብረ ሲና፤ እሁድ የአያታችን ደብር፣ በግ፣ በ8 ሰዓት መነሳት። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ አሳ ለጎረቤት ይዘን ብንመለስ ይደርሳል ወይ?

ጓዳ፦
እሁድ ጧት ከገዛችሁት ዘመድ ቤት ስትቆዩ መኪና ውስጥ ይበላሻል፤ እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው። ቅዳሜ ጧት ግዙና ሆድ ዕቃውን አስወጥታችሁ፣ ስንጥቡን አስቆርጣችሁ፣ ያደራችሁበት ቤት ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ይደር። እሁድ ድንጋይ የሆነውን በፌስታል አጥፋችሁ፣ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ፣ ክዳን ባለው የበረዶ ሳጥን ክተቱት። ሁለት የቀዘቀዙ የውኃ ጠርሙሶች ከላይ ጣሉበት፤ ቅዝቃዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሳጥኑ ወንበር ሥር ይሁን፣ ዘመድ ቤትም ልጆች አይክፈቱት። ማታ ጎንደር ስትደርሱ መሐሉ ገና በረዶ ከሆነ ለጎረቤት ስጡ፤ ከለሰለሰ ግን በዚያው ማታ ጠብሳችሁ ብሉት፣ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት።

የአዘዞ ሾፌር፦
ሳጥኑን ኋላ እንዳታስቀምጡት፤ ውኃ ካፈሰሰ ሽታው ወንበሩ ላይ ወር ይከርማል፣ ሾፌሩ የማጠቢያ ያስከፍላችኋል።